መብራቱ ደመቀ፣ መንገዱ ግን ጠፋኝ፦ አንድ የቪትዝ ጥያቄና 26 መልሶቹ

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት። የፊት አምፖሏ ኤች 4 የሚባለው ነው፤ አጭሩም ረጅሙም መብራት ከአንድ አምፖል ይወጣል። የድሮው አምፖል ሻማ ሻማ እያለ ስላስቸገረኝ ከወር በፊት ኤል ኢ ዲ አስገጠምኩ። ማታ ግቢ ውስጥ ሳበራው ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ሐሙሲት መንገድ ነው የቆየው። ዘንዘልማን አልፌ የከተማው መብራት ከኋላዬ ሲቀር፣ ከመኪናዬ አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት ነጭ አንሶላ መሰለ። ከአንሶላው ማዶ ግን ምንም የለም። ድቅድቅ ጨለማ ነው። ጭራሮ የጫነ ጋሪ ያየሁት ጭራሮው መስታወቴን ሊነካው ሲል ነው። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ደግሞ መብራቱን እያበራ እያጠፋ ይሰድበኛል። እኔ እኮ አጭሩን ነው ያበራሁት።

የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ የትኛውን ማርክ ልግዛ?

ይኼን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በነሐሴ፣ ዝናቡ ቤት ያስቀመጠኝ ዕለት። በሦስት ቀን ውስጥ 26 መልስ መጣ። ቃል በቃል አልገለብጠውም። ከፊሉ ስድብ ነው፣ ከፊሉም የመድረኩ ሰዎች ብቻ የሚገባቸው ቀልድ። በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

መልስ 1 በአምስት ደቂቃ ደረሰ። ጨዋ ሰው ነው። ከጋሪው ስለተረፍኩ እግዜርን አመሰገነልኝ። ስለ መብራት እንደማያውቅ ራሱ ተናግሮ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው በየመድረኩ ቢበዛ ምናለበት።

መልስ 2 ነገሩን በአንድ መስመር ዘጋው። ካርቶኑ ላይ 20 ሺህ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል እስካገኝ እንድፈልግና እሱን እንድገዛ። ከዚያ በታች ያለው የልጅ ማታለያ ነው ባይ ነው።

መልስ 3 ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ካለ ሰው መጣ። ጠመኔ እንደያዘ ነው የሚጽፈው። የሁለት ቁጥሩን ሰው በትሕትና ሊያርመው ፈለገ። የፋብሪካው ኤች 4 ሃሎጅን፣ ማለትም በሽቦ የሚበራው የድሮው ዓይነት፣ በአጭሩ 55 ዋት፣ በረጅሙ 60 ዋት ይበላል። አጭሩ የሚሰጠው ብርሃን 1,000 ሉመን አካባቢ ነው። ደህና ኤል ኢ ዲ ደግሞ በአንድ ዋት 100 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። እንግዲህ አንዱ አምፖል 25 ዋት ከሆነ 2,500 ሉመን፣ ሁለቱ ተደምረው 5,000 ማለት ነው። የቀረውን 15 ሺህ ከየት እንዳመጡት ሻጩን ጠይቁልኝ ብሎ ጨረሰ።

እኔም ካርቶኔን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። በትልቁ 18 ሺህ ሉመን ይላል። ከጎኑ በትንሽ ፊደል 25 ዋት። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ካርቶን ላይ፣ ምንም ሳይተፋፈሩ።

መልስ 4 ላይ የሁለት ቁጥሩ ሰው ተመለሰ። ስለ ሉመኑ ምንም አላለም። ስለ አስተማሪ ደመወዝ ነው ያወራው። አስተማሪው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ አሁን ሳስበው ባልል ይሻል ነበር።

መልስ 5 ጎንደር መስመር ዶልፊን ሲነዳ የኖረ ሹፌር ነው። ምክር የለውም፤ የደረሰበትን ነው የሚነግረን። በክረምት ወረታ አካባቢ የሩዙ ማሳ ውሃ ሲቋጥር፣ ማታ ነፍሳቱ መብራት ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። የሱ ኤል ኢ ዲ ማቀዝቀዣ ፋን ያለው፣ ወፍራም ነበር። አስገጣሚው የኋላው ላስቲክ ክዳን አልገጥም ሲለው ወርውሮት ሄደ። በመስከረም መብራቱን ሲፈታው፣ ሥሩ ላይ የሞተው ነፍሳት እንደ ጥቁር ጤፍ ተከምሯል። ፋኑ ጭቃ ጠጥቶ ቆሟል። ፋኑ ከቆመ ወዲህ አምፖሉ ቀን በቀን ሲደበዝዝ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኔ ነው ደከመ ብሎ ሐኪም ጋ ሊሄድ ነበር። ከዚያ ወሬውን ወደ ሩዝ ዋጋ አዞረው። እሱን እዘለዋለሁ።

መልስ 6 ውይይቱን ያዳነው ነው። የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው፤ የት እንደሚሠራ አልተናገረም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ። የአምፖሉ ቺፖች፣ ብርሃን የሚሰጡት ትንንሾቹ ነጥቦች፣ ወዴት ዞረዋል? የኋላው ላስቲክ ተመልሷል?

ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ኮፈኑን ከፍቼ በስልክ መብራት አየሁ። ላስቲኩ የለም። በቦታው ፌስታል በሽቦ ታስሯል። የፌስታሉ ሥር ውሃ አቁሯል። የቀኙ አምፖል ቺፖች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ያያሉ። የግራው ግን ተጣሟል፤ አንዱ ቺፕ ሰማይ ሰማይ ያያል። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ።

መልስ 7 የራሱ የኤሌክትሪሽያኑ ነው። ረጅም ነው፤ ቢረዝምም ደግሜ ያነበብኩት እሱን ብቻ ነው። አዲስ ማርክ ከመፈለጌ በፊት የድሮውን ሃሎጅን አምፖል እጄ ላይ አድርጌ እንዳየው አዘዘኝ፤ መስታወቱን ግን በጣቴ ሳልነካ። የጣት ቅባት የነካው ሃሎጅን ሲግል እዚያው ቦታ ይጎዳል። ውስጡ ሁለት የተጠቀለሉ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የኋለኛው የረጅሙ ነው። የፊተኛው የአጭሩ ነው፤ ከሥሩ እንደ ማንኪያ የጎደጎደች ብረት ተቀምጣለች። ምሥጢሩ ያቺ ማንኪያ ናት። ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ትይዘዋለች። ስለዚህ የመብራቱ ቤት የታችኛው ግማሽ አይበራም፤ ብርሃን ወደ ላይ፣ ወደሚመጣው ሰው ዓይን አይወጣም።

መብራቱ ቤት ውስጥ ያለው አንጸባራቂ የተሠራው ለዚያች ሽቦ ነው። ትንሽ ወጣ፣ ትንሽ ገባ፣ ትንሽ ዞር ካለች፣ ብርሃኑ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ደህና የተሠራ ኤል ኢ ዲ ቺፖቹን ልክ በሽቦዋ ቦታ ያስቀምጣል፤ ግንዱም ቀጭን ነው፤ ማንኪያም አለው። መናኛው ቺፑን ባገኘበት ይለጥፋል። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከአፍንጫ ሥርና ከዛፍ ላይ ይወድቃል። አፍንጫ ሥር የበዛ ብርሃን ደግሞ የዓይንን ብሌን ያጠብባል። ራቅ ያለው ጋሪ በዚህ ምክንያት ነው የጠፋህ አለኝ።

መብራት ሲደምቅ ለምን መንገድ እንደሚጠፋ እስከዚያ ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሻጩም፣ አስገጣሚውም።

መልስ 8 ቁጣ ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ በስኩተር ነው የምትመላለሰው። እኔን አላዘነችልኝም። አንተ ከጋሪ ተርፈህ ታወራለህ፣ እኛ ደግሞ ካንተ ለመትረፍ ነው በየማታው የምንጸልየው ዓይነት ነገር ጻፈች። ከዘንባባው ጥላ ሥር እንዲህ ያለ ነጭ መብራት ሲመጣባት ለጥቂት ሰከንድ ምንም አታይም፤ እግረኛውም ቦዩም ይጠፋታል። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅርታዬን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው።

መልስ 9፣ 10፣ 11 እና 12 አንድ ጠብ ናቸው። አንድ የቤት መኪና ያለው ሰው ከነርሷ ቃል ተነሥቶ ጥፋቱን ሁሉ ባጃጅ ላይ ጫነው። ሰማያዊ መብራት፣ አረንጓዴ መብራት፣ ሠርግ ቤት የሚመስል ባጃጅ። አንድ የባጃጅ ልጅ መለሰለት፤ የባጃጅ መብራት እንኳን ሰው ሊያሳውር ጉድጓድ አያሳይም፤ ሠርግ ቤቱም ባለመኪናው ከኋላ መጥቶ እንዳይገጨኝ የሰቀልኩት ነው። ይኼ እውነት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለእናትና ለአባት የሚነገር አይደለም።

መልስ 13 ጠቡን ሳያውቀው አበረደው። ብዙ ዓመት አይሱዙ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አያ እያለ ነው የጠራቸው። መጀመሪያ ለጭነት መኪና ሰዎች አንድ ነገር አሉ፤ የናንተ መኪና 24 ቮልት ነው፣ የቪትዝ አምፖል 12፤ አንድ ዓይነት ስለመሰላችሁ እንዳትገጥሙት፣ ወዲያው ይቃጠላል። ኤል ኢ ዲ ከሆነም ሁለቱንም እንደሚችል ካርቶኑ ላይ እዩ።

ከዚያ ስለ እንጅባራ ጉም አወሩ። አያ እንደሚሉት ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሰው ፊቱ ላይ ግድግዳ ሠራ ማለት ነው። እሳቸው አጭሩን አብርተው፣ ፍጥነት ቀንሰው፣ የቀኙን የመንገድ ጠርዝ ይዘው ነው የሚያልፉት። ኃይለኛ መብራት ከፊት ሲመጣም መብራቱን አያዩትም፤ ያንኑ የቀኝ ጠርዝ ነው የሚያዩት። ቀለምም ጠቀሱ። ሃሎጅን ወደ ቢጫ ያደላል፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው 3,200 ኬልቪን አካባቢ ነው። ገበያ ያለው ኤል ኢ ዲ አብዛኛው 6,000 ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ያ ነጭ መብራት ዓይናቸውን ያደክመዋል፤ ምርጫ ካለ 4,300 የሚለውን ፈልጉ አሉ። አስተማሪው መጥቶ እጅ የነሣው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 14 አጭር ነበር። ዘንድሮ ማታ ከከተማ የሚወጣው ማነው? መልስ 15 የተሰበረ ልብ ምልክት ብቻ። ከዚያ ለሦስት ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጻፈም። መልስ 16 አድሚኑ ነው። ወደ መብራቱ እንመለስ አለ። ተመለስን።

መልስ 17 ከጀርመን ነው። እዚያ ሃሎጅን አውጥቶ ኤል ኢ ዲ መክተት ለረጅም ጊዜ ክልክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የአምፖል አምራቹ ኦስራም ለተወሰኑ የመኪና ሞዴሎች የተፈቀደውን የመጀመሪያ አምፖል ያወጣው። አምፖሉ በየሞዴሉ መብራት ቤት ተፈትኖ ነው የሚፈቀደው። ኤች 7 (ከኔ ኤች 4 የተለየ የአምፖል ዓይነት ነው) ስለሆነ ብቻ ለሁሉም ኤች 7 መኪና አይሆንም። ማርክ አትጠይቁ፣ ከናንተ መብራት ቤት ጋር ይስማማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ አለ። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የተሻለው ምክር ይኼ ይመስለኛል።

መልስ 18 እዚህ ጀርመን አይደለም አለው። ይኼንን የሚል ሰው በየትኛውም ውይይት አይጠፋም። መድረኩ ደመወዝ የሚከፍለው እስኪመስለኝ ድረስ።

መልስ 19 ማንም ያላሰበውን አነሣ። ስቲሪንጉ ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ መኪና ካላችሁ የፊት መብራቱስ ተቀይሯል? ጃፓንና እንግሊዝ በግራ ነው የሚነዱት። የነሱ አጭር መብራት የግራውን ጠርዝ ለማሳየት በግራ በኩል ከፍ ይላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍ ያለው ክፍል የሚወድቀው በሚመጣው ሰው ፊት ላይ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ላይ የዓለም ምርጥ ኤል ኢ ዲ ቢገባ ጥፋቱን ያባብሰዋል እንጂ አያርመውም።

መልስ 20 ኤሌክትሪሽያኑ ተመለሰ፤ ሥራ ሰጠኝ። ሦስት ነገር ሳልሠራ ብር እንዳላወጣ አስጠነቀቀኝ። አንደኛ፣ የመብራቱ ፕላስቲክ በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ከሆነ በውሃ እየረጠበ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ በፖሊሽ ይወልወል። ጥርስ ሳሙና ለሳምንት ያታልላል እንጂ አይዘልቅም። ሁለተኛ፣ ቮልቱ አምፖሉ ሶኬት ላይ ይለካ። ሃሎጅን በዚህ ነገር ቀናተኛ ነው፤ ቮልቱ 10 በመቶ ከወረደበት ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ግድግዳ። ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቄ እንድቆም፣ የአምፖሉን ከፍታ ግድግዳው ላይ በፕላስተር እንዳመለክት፣ አጭሩን እንዳበራ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከፕላስተሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት።

ይኼን ሁሉ ሠርቼ አሁንም ኤል ኢ ዲ ካማረኝ፣ ካርቶኑ ላይ ዋቱን እንዳይ፣ ቺፑ ቀጭን ግንድ ላይ መሆኑን፣ ከኋላ ላስቲኩ የሚዘጋ መሆኑን። ፊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይግልም የሚሉትን እንዳልሰማ። ሙቀቱ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ እዚያ መውጫ ካጣ ቺፑን ይበላዋል። ፊቱ ስለማይሞቅ ደግሞ በክረምት መብራቱ ቤት ውስጥ የገባውን ላቦት አያደርቅም። አሮጌ ሃይሉክስ ያለው ሰው ካለም ልብ ይበል አለ። ብዙዎቹ ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ግራውንዱን ነው። ለዚያ ያልተሠራ ኤል ኢ ዲ ወይ አይበራም፣ ወይ አጭርና ረጅሙ ይምታታበታል።

መልስ 21፣ 22 እና 23 ወሬ ናቸው። አንዱ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለቆመ ይኼ ጥያቄ ራሱ አርጅቷል፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ከነመብራቱ ይመጣል አለ። ሌላው መንገድ ላይ ያለው መኪና የትናንቱ ነው አለው። ሦስተኛው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ማታ ሲያልፍ መብራት ማብራቱን እንኳን ይረሳዋል፤ 380 ሜትር ሙሉ ቀን ይመስላል። ድልድዩን ጨርሶ የት ዓሣ እንደሚበላም ጽፏል። ስለ ዓሣው የመጣው ምላሽ ስለ መብራቱ ከመጣው ይበልጥ ሞቅ ያለ ነበር።

መልስ 24 የኔ ነው። ቅዳሜ ዝናቡ አባርቶ ነበርና ሥራዬን ሠራሁ። መጀመሪያ ኤል ኢ ዲውን እንዳለ ግድግዳው ላይ አበራሁት። መስመር የሚባል ነገር የለም። ወተት የተደፋበት ይመስላል። የግራው ብርሃን ቆርቆሮው ጣሪያ ድረስ ወጥቷል፤ የጎረቤት ርግቦች ተነሡ። የተጣመመውን አዙሬ ቺፖቹን ግራና ቀኝ ሳስይዝ ወተቱ ወረደ፤ መስመር ግን አሁንም የለም። ከዚያ የድሮውን ሃሎጅን መለስኩ። ደብዘዝ ያለ ነው። ግን መስመር አለው፤ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ በቀኝ በኩል ከፍ የሚል።

ቮልቱን ጋራዥ ሄጄ አስለካሁ። ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ላይ 13.8 ይላል፤ ሶኬቱ ላይ 12.3። ልጁ የግራውንዱን ብሎን ሲፈታው ዝገቱ እንደ በርበሬ ረገፈ። ፍቆ መለሰው፤ 13.4 ሆነ። ፕላስቲኩንም አሸው። እስከዛሬ ሻማ ያልኩት አምፖል ጥፋት አልነበረበትም። በዚያው ከስቲሪንጉ ሥር ከ0 የሚጀምር ቁጥር ያላት መዞሪያ ምን እንደምትሠራም ተነገረኝ። ከኋላ ሰው ወይ ጭነት ሲበዛ መብራቱን ዝቅ ማድረጊያ ናት። አራት ዓመት የሬዲዮ መስላኝ ነበር።

መልስ 25 አስተማሪው ነው። አመሰገነኝና አረመኝ። በላክሁት ፎቶ ላይ ግቢዬ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትሩ አይቆጠርም። ጎማዬ በቂ ንፋስ ይኑረው፣ ወንበሬ ላይም ሰው ይቀመጥ። ልክ ነው። ደልዳላ ቦታ ፈልጌ ልድገመው ነው፤ ሚስቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ።

መልስ 26 ከዚሁ ከሰፈሬ ነው፣ በውስጥ መስመር ቢመጣ ይሻል የነበረ። ኤል ኢ ዲውን ካወጣኸው በግማሽ ዋጋ ስጠኝ አለ። ያን ሁሉ አንብቦ ነው ወይስ ሳያነብ? ቢሆንም መኪናው ምን እንደሆነች ጠየቅኩት። የአምፖሉን ቁጥር አይቶ እንዲነግረኝም።

ኤች 7 ነው። አይገባለትም።